ሐጂ ሦስቴ የሚያስደግሙት

ሐጂ መሐመድዘይን ከወርቅ ቤታቸው ጀርባ ባለችው ጓዳ በግንባራቸው ተደፍተው ሲገኙ፣ ከሥራ ጠረጴዛው ስር ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ገና አልጠፋም ነበር። ማጅራታቸውን የመታቸው፣ ቀለበት የሚከበብበት ብረት አጠገባቸው ወድቋል። ግራ እጃቸው ተጨብጧል።

ኢንስፔክተር የሺዓለም ስትደርስ ሳጅን ገመቹ ምርመራውን በራሱ ጊዜ ጨርሶ ጠበቃት።

«ገዳይዋ ተይዛለች» አላት። «ጂቱ ትባላለች፤ ስድስት ዓመት አብራቸው ሠርታለች። ምሳ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ሞተው አገኘኋቸው ትላለች። የጠፋው ባለ ሰማያዊ ድንጋይ ቀለበት ግን እዚህ ከተሰቀለው ቦርሳዋ ተገኘ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት እናቀርባታለን።»

«ሰርቃ፣ ገድላ፣ ማስረጃውን ሚስማር ላይ ሰቅላ ምሳ ልትገዛ ሄደች?»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለፖሊስም እንደሚሠራ የሺዓለም በሃያ ዓመት ሥራዋ አይታለች። ውጭ የተሰበሰበው ሰው ግን ፈርዶ ጨርሷል፤ ያጎረሳትን እጅ ነከሰች እየተባለ ነው። ቡልቡላ ያሉት የጂቱ እናት ደጋግመው ይደውላሉ፤ ስልኩን የሚያነሳላቸው የለም። ሰዓቱ ሰባት ተኩል ነበር።

የሺዓለም የሟቹን ጭብጥ ቀስ ብላ ፈታች። መዳፋቸው ውስጥ ቀለበት ላይ ያልተሰካ ሰማያዊ ድንጋይ አለ። ቀጥላ ጎንበስ ብላ ምድጃው ላይ የተጣደውን በራድ ከፈተች። ነጭ አረፋ ሞልቶታል፤ አሸተተችው።

«ሐጂ ሻያቸውን በሳሙና ነው የሚያፈሉት?» አለች።

ከቦርሳው የተገኘውንም ቀለበት አየችው። ወርቁ ያንጸባርቃል፤ ሽምብራ የሚያክለው ሰማያዊ ድንጋይ ግን ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነጭ ስንጥቅ አለው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የሐጂን የወንድም ልጅ ኢስሃቅን ነው። በአጎቱ ስም ሻሸመኔ ወርቅ ቤት የከፈተ፣ አርባ ዓመት የሞላው ነጋዴ ነው።

«ስድስት ሰዓት ላይ መጥቼ ሰላም ብያቸዋለሁ» አለ። «ከባንኮኒው ወዲያ ግን አላለፍኩም። ጓዳቸው ሰው ሲገባባቸው አይወዱም።»

የሺዓለም የእናቷን ቀለበት ከጣቷ አወለቀች። «በሐዘን ሰዓት ስለምጠይቅዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንዲህ ያለ ባለ ድንጋይ ቀለበት ሲያድፍ በምን ይጸዳል?»

«ለሱማ ምን ችግር አለ? በሳሙና ውሃ አፍልቶ፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከር ነው። ወርቅ ሲፈላ ነው የሚያበራው። ሱቄ ቢመጡ በነጻ እሠራልዎታለሁ።»

አመስግና ሸኘችው።

ሁለተኛው ፈቃዱ ነው፤ የልብስ ፋብሪካ ተቆጣጣሪ። ቀለበቱን ለእሑድ ሠርጉ ያዘዘው እሱ ነው፤ ጠዋት ሐጂ ላይ ሲጮህ መንገዱ ሁሉ ሰምቶታል።

«ጮኼባቸዋለሁ፤ አልክድም» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ጓደኞቼ ብርጭቆ ነው የሸጡልህ ብለው አሳብደውኝ ነበር። ሐጂ ግን አልተቆጡም። ድንጋዩን ጉንጬ ላይ አስነኩኝ። እውነተኛው ድንጋይ፣ ቶፓዝ፣ ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል፣ ብርጭቆ ቶሎ ይሞቃል አሉኝ። ከኪሳቸው ሌላ ሰማያዊ ድንጋይ አውጥተው ደግሞ ብርጭቆ ውስጥ የምትታየውን የአየር ኳስ በማጉያ መነጽር አሳዩኝ። በመጨረሻ ‹በስሜ ብርጭቆ የሚሸጥ አለ፤ ዛሬ ሳልጠይቀው አልውልም› አሉ።»

«ማን እንደሆነ ነገሩህ?»

«አልነገሩኝም። ስድስት ተኩል ላይ ተመልሼ ብጣራ መልስ አጣሁና ሄድኩ። ያየኝ ሰው የለም፤ አውቃለሁ።»

የሺዓለም ስለ እናቷ ቀለበት እሱንም ጠየቀችው። ፈቃዱ ትምህርቱን በቃሉ እንደሚወጣ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ለብ ባለ ውሃ፣ በትንሽ ሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ አጥባለሁ። ከሌላ ጌጥ ጋር አላጋጭም። የፈላ ውሃ አላስነካም። ሐጂ ይህን ሦስቴ ሳያስደግሙ ለማንም አያስረክቡም። እኔ ሁለቴ ብያለሁ፤ ሦስተኛው ስረከብ ነበር።»

ጂቱ እጇ በካቴና ታስሮ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ለራሷ አላለቀሰችም።

«ቀለበቱን መጨረሻ ስታዪው ምን ላይ ነበር?»

«ቀይ የመወልወያ ዱቄት እንደለበሰ ነበር፣ አዴ። ከምሳ በኋላ ላጥበው ነበር።»

የሺዓለም ቀለበቱን ወደ መብራቱ አቀረበችላት። ጂቱ ስንጥቁን ስታይ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ማን ነው የቀቀለው?»

«ወድቆ ቢሆንስ?»

«ክፉኛ ቢመታ ለሁለት ይከፈላል እንጂ እንዲህ አይሆንም። ሙቅና ቀዝቃዛ ሲፈራረቅበት ነው ከውስጥ የሚሰነጠቅ። ሐጂ ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?»

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ባንኮኒው ፊት ተሰበሰቡ። ሳጅን ገመቹ በሩን ዘጋ።

«ሐጂ በእጃቸው የያዙት ድንጋይ ጉንጬ ላይ ወዲያው ሞቀ» አለች የሺዓለም። «ብርጭቆ ነው። በስማቸው የሚሸጠውን ሰው ዛሬ አግኝተውት ነበር ማለት ነው። ሰውየው መታቸው። ደም በነካ እጁ ቀለበቱን አንስቶ ጂቱ ቦርሳ ውስጥ ሊከት ሲል አሻራው ትዝ አለው። ስለዚህ አጠበው። የመወልወያ ዱቄት ለብሶ የነበረ ቀለበት የጠራው ለዚህ ነው። ግን ሲያጥበው ድንጋዩን ሰነጠቀው።»

«ጂቱ ቸኩላ ቀቅላው ይሆናላ» አለ ኢስሃቅ። «በራዱ እዚያው እየፈላ አልነበር?»

የሺዓለም ወደ እሱ ዞረች።

«እኔ በራድ አላልኩም፣ አቶ ኢስሃቅ። ምድጃው ከጠረጴዛው ስር ነው፤ ከባንኮኒው ሆኖ አይታይም። እርስዎ ደግሞ አላለፍኩም ብለውኛል።»

«አጎቴ ዘወትር ሻይ ያፈላሉ፤ ማን የማያውቅ አለ?»

«ሻይ ያፈላሉ። ሳሙና የጨመረበት ግን ሌላ ሰው ነው። ጂቱ ስድስት ዓመት የተማረችው የፈላ ውሃ እንዳታስነካ ነው። ፈቃዱ ሁለቴ ደግሞታል። እርስዎ ግን ወርቅ እንጂ ድንጋይ አልተማሩም፤ እጅዎ የለመደውን አደረገ። አመል ያወጣል ከመሐል ይባል የለ? ሻሸመኔ ያሉ ባልደረቦቻችንም ከመደርደሪያዎ ሦስት ሰማያዊ ድንጋይ አንስተው በማጉያ መነጽር አይተዋል። ሦስቱም ውስጥ የአየር ኳስ አለ።»

ኢስሃቅ ባንኮኒውን ተደገፈ። «ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ አሉኝ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለምኛቸው ነበር።»

ገመቹ ካቴናውን ከጂቱ እጅ ፈትቶ ኢስሃቅን አሰረበት። ከመውሰዱ በፊት ለጂቱ ስልኳን በሁለት እጁ መለሰላት። ጂቱ እናቷን አነጋግራ ስትጨርስ ፈቃዱ አሁንም ቆሞ ነበር።

«ምርመራው ሲያልቅ ቀለበቱን እወስደዋለሁ» አላት። «ስንጥቁን እንዳለ። የእሳቸው የመጨረሻ ሥራ ነው።»

ጂቱ ዓይኗን ጠርጋ የሐጂ ቦታ ላይ ቆመች። «ሳላስደግም አልሰጥም። በል።»

«ለብ ባለ ውሃ፣ በትንሽ ሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ አጥባለሁ። ከሌላ ጌጥ ጋር አላጋጭም።» ፈቃዱ እዚህ ላይ ቆመ። ስለ ፈላው ውሃ ያለው ከአፉ አልወጣ አለው።

«ጨርሰው» አለችው ጂቱ። «እሳቸው ቢሆኑ ያስጨርሱህ ነበር።»