ከማጅራት የጀመረው ጉንጉን

ልጄ «ተይው እማዬ፣ አታንሽው» እያለችኝ ነው ይህን የምጽፈው። እኔ ግን ያላየሁትን አላወራም። ጨለማ አልነበረም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በልጄ ቤት የሆነ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ...

የበዓሉን ሳምንት ከልጅ ልጆቻችን ጋር ልናሳልፍ እኔና ሽማግሌዬ ሄድን። ልጄ ነርስ ናት። ባሏ ለሥራ ርቆ ሄዷል፤ እሷም የበዓል ፈረቃ ስለደረሳት ልጆቹን ለእኛ ትታ ትወጣለች።

ትንሹን «ሹፌሩ» ነው የምንለው፤ የድስት ክዳን እንደ መሪ ይዞ ቤቱን ሙሉ ይነዳል። እህቱን «ወፌ» እላታለሁ። ስድስት ዓመቷ ነው። ማበጠሪያ ካየች ጩኸቷ ሰፈር ያደነቁራል።

በመጀመሪያው ቀን ከምሳ በኋላ አስተኛኋቸውና ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ።

ወፌ ከመኝታ ቤት ወጣች።

ፀጉሯ ተሠርቷል።

ስትተኛ እንደተንጨባረረ ነበር...

ጠጋ ብዬ አየሁት። ቀጭን፣ ጥብቅ ያለ ጉንጉን ነው። ግን የተጀመረው ከማጅራቷ ነው! ከማጅራት ወደ ላይ ወጥቶ ግንባሯ ላይ ተቋጥሯል። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ራስ ስሠራ ኖሬ እንዲህ የሚሠራ እጅ አላየሁም።

ስነካው ይቀዘቅዛል።

«አንተ፣ ይቺን ልጅ ማን ሠራት?» አልኩት ሽማግሌዬን።

«እኔ ነኛ! ከጡረታ በኋላ ፀጉር ቤት ከፍቻለሁ፤ አልነገርኩሽም?»

አልሳቅሁም።

ማታ ልጄ ስትመጣ ነገርኳት። «እማዬ... ራስሽ ሠርተሽ ረስተሽው እንዳይሆን» አለችኝ ቀስ ብላ። ከአባቷ ጋር ሲጠቃቀሱ አየኋቸው።

የልጄን ጎረቤት፣ ልብስ ሰፊዋን ጠረጠርኩ፤ የቤቱ ቁልፍ አላት። በማግስቱ በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩ። ማበጠሪያውን ብብቴ ውስጥ ሸጎጥኩ።

ወፌ ከእንቅልፏ ተነሳች... ፀጉሯ ተሠርቷል። ከትናንቱ ይጠብቃል።

እራት ላይ አንገቷን ደፍታ ቀረች።

«ቀና በይ እንጂ ወፌ።»

«አልችልም አያቴ።»

እናቷ ዳበሰቻት። «አተኛኘቷ ነው፤ ይለቃታል» አለች።

አልለቀቃትም። በየቀኑ እፈታዋለሁ፤ በየቀኑ ተሠርቶ ይጠብቀኛል። ልጅቷም እንደ አሮጊት እየጎበጠች ሄደች። ያቺ ሰፈር የምታደነቁር ልጅ ድምፅዋ ጠፋ።

አንድ ቀን ጠዋት ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት።

«ማናት የምትሠራሽ?» አልኳት በሹክሹክታ።

«አያቴ።»

«እኔ?»

«አንቺ አይደለሽም። ረጅሟ።»

«ምን ያህል ትረዝማለች?»

ወፌ አንገቷን እንደደፋች በዓይኗ ብቻ በሩን አየች።

«ቁጭ ብላ... እስከ በሩ ጫፍ።»

«ታዲያ ለምን አትጮኺም?»

«ዝቅ በይ ትለኛለች። እኔ እንቢ ካልኩ ሹፌሩን ልትሠራው ነው።»

ወዲያው ከጭኔ አወረድኳት።

መቀስ አነሳሁ። ያን የመሰለ ፀጉር ከሥሩ ሸለትኩት።

«እማዬ! በበዓል? ምን ነክቶሽ ነው?» ማታ ስትመጣ ልጄ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሽማግሌዬ «ሐኪም ሊያያት ይገባል» ሲላት ሰማሁ። ስለ ወፌ መስሎኝ ነበር። ስለ እኔ ነው ለካ።

ይሁን! በማግስቱ ወፌ ቀና ብላ ስትሮጥ ዋለች። ከዚያ ወዲያ ያሻቸውን ይበሉኝ።

የበዓሉ የመጨረሻ ቀን፣ ስምንት ሰዓት ላይ ልጄም ከሥራ ቀርታ ሁላችንም ምሳ ቀርበናል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ፀሐዩ እስከ ጠረጴዛው ገብቷል። ሹፌሩ በአፉ ጥሩምባ ይነፋል፤ ሽማግሌዬ ይስቃል።

ማጅራቴን አንድ ቀዝቃዛ ነገር ነካኝ።

ጣት ነው።

ፀጉሬን ቀስ ብሎ ለሦስት ከፈለው...

ወፌ ፊት ለፊቴ ነበረች። ማኘኳን አቆመች።

«አያቴ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ዝቅ በይ።»

መጮህ ፈልጌ ነበር። ግን እንቢ ብል ረጅሟ ወደ ማን እንደምትዞር አውቃለሁ። እኔን እስከያዘች ድረስ ልጆቹን አትይዝም።

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። አንገቴን ዝቅ አደረግሁ።

የሽማግሌዬ ሳቅ ተቋረጠ። በዓይኔ ጥግ ሳየው ዳቦ የያዘው እጁ አየር ላይ ቀርቷል። ከኔ ራስ በላይ የሆነ ነገር ያያል።

ከዚያ... ማንም ምንም ሳይለው፣ እሱም አንገቱን ደፋ።

ልጄም ደፋች።

ጠረጴዛው ላይ ቀና ብለው የቀሩት ሁለቱ ልጆች ብቻ ነበሩ። የሁለቱም ዓይን ኮርኒሱ ላይ ነበር... ከአንዳችን ራስ በላይ ወደ ሌላችን ራስ በላይ፣ ቀስ እያለ ይዞራል።