አራት ጣት የቀረው

ሜትሬን ዘርግቼ የልጄን አልጋ ራስጌ እየለካሁ ነበር።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። ሰዓቱን የምናገረው «ጨልሞብህ ጥላ አይተህ ነው» የምትሉ አዋቂዎች ስለማትጠፉ ነው። አልጨለመም። የሆነውን ነው የምነግራችሁ፤ የማያምን አይመን፣ አልለምነውም።

አናጢ ነኝ። የምሠራው አጎቴ ዘንድ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን ለምን ብዬ?

ለደንበኛ ሁሉ አንድ ዜማ አለው። «ጥድ የእንጨት ንጉሥ ነው! ምስጥ አይደፍረው፣ ብል አይጠጋው። አጥር በሉት፣ ጣሪያ በሉት፣ ቁምሳጥን በሉት... እርሳስ እንኳን ከእሱ ነው!»

ከዚያ ቺፕውድ ቀይ ቀለም ቀብቶ ይሸጥላቸዋል። እንዳይነቃበት መሳቢያው ውስጥ የእውነተኛ ጥድ ፍቅፋቂ ይበትናል። ረጅም መሆኑን እንደ ሙያ የሚቆጥር ሰው ነው።

ባለፈው ወር ግን እውነተኛ ጥድ አገኘ፤ ከሚፈርስ ቤት። ባለቤቷ አሮጊት አንዱን የበር መቃን አቅፈው አለቅም አሉ። መቃኑ ላይ በቢላ የተጫሩ መስመሮች አሉ፣ አንዱ ከአንዱ በላይ። የልጅ ቁመት።

«ሌላውን ሁሉ ውሰዱ። ይሄ የልጄ ነው» አሉ። «አራት ዓመት ሳይሞላው ነው ያረፈው።»

«እናቴ ትሙት፣ አልነካውም!» አለ አጎቴ ደረቱን እየመታ።

እንባቸውን ሊጠርጉ ዞር ሲሉ መኪና ላይ ጫነው።

«ላገው» አለኝ።

ላግኩት። ይህንንም አልደብቅም... ከእሱ አልሻልም።

መስመሮቹ ጠፉ። አጎቴ መቃኑን እንዳለ የልጄ የሚጣ አልጋ ራስጌ ላይ አቆመው፣ አጎበር ማንጠልጠያ እንዲሆን። «የአያት ስጦታ!» አለ። በነጋታው ደንበኛ ይዞ መጣ፤ ለካ ለማሳያ የሚሆን አንድ እውነተኛ ጥድ ፈልጎ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት መቃኑ ላይ አንድ መስመር ነበር።

ላግኩት።

ረቡዕ ተመልሶ መጣ... አንድ ጣት ከፍ ብሎ።

ሥሩ፣ ወለሉ ላይ፣ ትኩስ ፍቅፋቂ።

«ማነው የጫረው?» አልኳት ሚጣን።

«ቀስ በል...» አለች በሹክሹክታ። «እየተለካ ነው።»

«ማን?»

«ልጁ። ቀጥ ብሎ ቆሟል።»

«ምን ይልሻል?»

«ሲደርስብኝ እንቀያየራለን ይላል። እኔ እንጨቱ ውስጥ... እሱ አልጋዬ ላይ።»

ቅዳሜ ሜትር የያዝኩት ለዚህ ነው። ከመስመሩ እስከ ሚጣ ቁመት፣ በሜትሩ ስምንት ሳንቲ። በእጄ አራት ጣት።

አልጋውን እፈታዋለሁ ብዬ ለአጎቴ ደወልኩ። ማሳያው ሊፈርስበት ነውና እየበረረ መጣ። ባርኔጣውን እንደ ልማዱ ከበሩ በላይ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀለ። ያን ሚስማር እሱ ብቻ ነው የሚደርስበት።

«አናጢው እንጨት ፈራ ተብሎ ይወራብን?»

«ጋሼ፣ አይጠጉት።»

«ልጅቷን ያሳበድካት አንተ ነህ! እስቲ ልለካ። ከእኔ የሚረዝም ጋኔን ካለ ይምጣ!»

ጀርባውን ለመቃኑ ሰጥቶ፣ ተረከዙን አጋጥሞ ቆመ። ሰርጉ ላይ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ፈገግ አለ።

ሚጣ እጄን ጨበጠች።

«አባዬ... ልጁ እጁን አናቱ ላይ አደረገበት።»

ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። እንጨት በቢላ ሲጫር።

«አየህ? ምንም የለም!» አለ አጎቴና ባርኔጣውን ሊያወርድ ሄደ።

እጁን ዘረጋ።

አልደረሰበትም።

በእግሩ ጣቶች ቆመ... አሁንም አልደረሰም። የሱሪው ጫፍ ተረከዙ ሥር ገብቶ ወለሉን ይጠርጋል።

«ይሄን ሚስማር ማነው ከፍ ያደረገው?»

ማንም አልነካውም። በሚስማሩና በጣቱ መካከል ያለውን ክፍተት በዓይኔ ለካሁት። ሙያዬ ነው፣ አልሳሳትም።

አራት ጣት።

ባርኔጣውን ትቶ፣ በገዛ ሱሪው እየተደናቀፈ ወጣ። አላዘንኩለትም። የኔ ሐሳብ ሌላ ነበር... ከእሱ የጎደለው የት ሄደ?

መቃኑን ነቅዬ ከግቢ ውጭ ጣልኩት። ስመለስ ሚጣ ግድግዳውን ተደግፋ ቀጥ ብላ ቆማለች። አጠገቧ አንድ ልጅ የሚያስቆም ቦታ ትታለች።

«አባዬ፣ ለካን።»

ለካኋት። አንድ መቶ አራት ሳንቲ።

«አሁን እሱን።»

አልፈለግሁም። የሜትሩ ጫፍ ግን ከጣቶቼ ወጣ... ባዶው ግድግዳ ላይ ቀስ እያለ ከፍ አለ፣ ቆመ፣ ተወጠረ። ላዩን የያዘው አለ።

አነበብኩት።

አንድ መቶ አራት።

«እኩል ነን» አለች።

ወደ ደረቴ ሳብኳት። ፀጉሯ ጥድ ጥድ ይሸታል።

«ሚጣ?»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ፣ አዲስ ስሙን እንደሚያጠና ልጅ፣ በቀስታ...

«ሚ... ጣ» አለች።

ሜትሩን ጠቀለልኩት። መሳቢያ ውስጥ አስገባሁና ዘጋሁት።