የምርቃት ገማች

ማርስ ላይ ልጅ ያለው ሰው ጌም ሳይጫወት አይውልም። ምን ያድርግ? ልጆቹን የቀጠረው የማዕድን ኩባንያ ለሠራተኞቹ በነጻ የለቀቀው መስመር የጌሙ ብቻ ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶች ሳይቀሩ ሰይፍ ይዘው ዘንዶ እያሳደዱ የልጃቸውን ደህንነት ይጠይቃሉ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ነው ነገሩ።

ይርገዱም ልጇ ፍሬው ለአራት ዓመት ኮንትራት በሄደ በወሩ፣ የጌም ላፕቶፕ ልታስገጥም መርካቶ ወረደች። ሻጩ ሙዘይን መለዋወጫውን ደረደረላት። ግራፊክስ ካርዱ ጥሩ ከሆነ ፊቱ ጠርቶ ይታያል፤ ራሙ ካነሰ ጌሙ ይንቀራፈፋል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ገማች የሚሉት ቺፕ ነው። ከማርስ መልስ እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ገማቹ በዚያ መሃል ልጁ ምን ሊል እንደሚችል እየገመተ በልጁ ፊትና ድምፅ ያወራል፤ እውነተኛው ቃል ሲደርስ ቦታውን ይለቃል።

የያዘችው ብር ለሁሉም አይበቃም። ራሙን ቀነሰች፣ ባትሪውን አሮጌ አደረገች፤ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ግን እምቢ አለች። የልጇን ፊት አደብዝዛ ልታይ ነው? ስለዚህ ገማቹ ቀረ። ሙዘይን ያለ ገማች እንደማይሆን ቢነግራት፣ እጅ አጥሯት ምን ታድርግ። ከፍላ ስታበቃ ግን እንደ ማንኛውም የመርካቶ ሸማች ምርቃቴን አምጣ ብላ ድርቅ አለች። ሙዘይን ቢጨንቀው ከመሳቢያው ያገለገለ ገማች አውጥቶ፣ ከድሮ ባለቤቱ ቤት የለመደውን ሁሉ አጥፍቼዋለሁ ብሎ ሰጣት። ደስ ብሏት ወጣች።

ፍሬው ከድሮም ቃል የሚከፈልበት የሚመስለው ልጅ ነው። ጌሙን በከፈተች ቀን ግን ፊቱ ፍክት ብሎ፣ «እቴቴ፣ ናፍቀሽኝ ሞትኩልሽ» አላት። እቴቴ ብሏት አያውቅም፤ እማ ነው የሚላት። ወገቧን ተሻለሽ ወይ አላት፤ ወገቧን አሟት አያውቅም። ቢሆንም አለቀሰች። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ እውነተኛው ፍሬው ደረሰ፦ «ደህና ነኝ። ሥራ አለ።» ከዚያ ዝም።

በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። የሌላ ሰው ልጅ እያወራት መሆኑ ገብቷታል፤ እንዳትነቅለው ሌላ መግዣ የላት፣ እንዳትተወው የራሷ ልጅ አይደለም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን፣ የልጇ የራሱ ቃል ሊደርስ ሲል እጇ ሄዶ ድምፁን ቀነሰው። በራሷ ደነገጠች። በማግስቱ ላፕቶፑን አቅፋ ሙዘይን ሱቅ ሄደች።

እዚያ አንዲት ሴት ባንኮኒውን ተደግፋ ቆማለች። ሙዘይን አንገቱን እያከከ፣ ገማቹን የሸጠችለት እሷ እንደሆነችና መልስልኝ ብላ ሦስት ቀን እንደተመላለሰችበት ለይርገዱ ነገራት። ይርገዱ ክው አለች። ልጇ ሞቶባት ነው ብላ እጇን ያዘቻት።

«የኔ እህት፣ እግዜር ያጥናሽ።»

«ኧረ አልሞተም» አለች ሴትዮዋ። «ኮንትራቱን ጨርሶ ገብቷል። ቤት ነው ያለው።»

«ታዲያ ገማች ምን ያደርግልሻል?»

ሴትዮዋ ይርገዱ ያቀፈችውን ላፕቶፕ ነካ አደረገች። «ደህና ነኝ ይለኛል። ከዚያ ዝም ነው።»

ሴትዮዋ ስጪኝም አላለቻት፣ ይርገዱም አልሰጥሽም አላለቻት። ላፕቶፑን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ከፈተችው። ሙዘይን ወንበር ቢያቀርብላቸው ማንም አልተቀመጠም። የፍሬው ፊት ጥርት ብሎ ወጣ።

«እቴቴ፣ አለሽ?» አለ።

ሁለቱም እኩል፣ «አለሁ» አሉት።