ጉዱ ከማን ሰማው?

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ ስለ ጋኔን፣ ስለ ዛር፣ ስለ ሙት መንፈስ ሲወራ የምስቅ ሰው ነኝ፤ ደብረ ታቦር ላይ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ተማሪዎቼ የቡዳ ወሬ ሲያመጡ "ማስረጃችሁ የታለ?" እያልኩ የማበሽቅ ነኝ፣ እና አሁን የማወራችሁን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ፊት ለፊቱ ነበር የምስቅበት። ግን እመኑኝ፣ የሆነው በእኔው ቤት ነው፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ።

ነገሩ የጀመረው በበቀቀን ነው። ጣራ ገዳም አካባቢ የሚያርስ አጎት አለኝ፣ እሱ የሰኔ ንፋስ የገነደሰው ዛፍ ውስጥ ገና ላባ ያላወጣ ጫጩት አግኝቶ በካርቶን ይዞልኝ መጣ። "አንች የእንስሳ ትምህርት የተማርሽ ነሽ፣ በይ አሳድጊው" አለኝ። እንዴት ያለ አስቀያሚ ፍጥረት መሰላችሁ! ራሰ በራ፣ ሆዳም፣ ሁልጊዜ አፉን የከፈተ። እናቴ አየችውና "ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው?" አለች፣ ስሙም በዚያው ጉዱ ሆኖ ቀረ።

በሶ በለብታ ውሃ እየበጠበጥኩ መርፌው በወጣለት ስሪንጅ አጎረስኩት፣ የጉና ብርድ እንዳይገድለው በሹራቤ ጠቅልዬ አምፖል ሥር አስተኛሁት። ክረምቱ ሲወጣ አረንጓዴ ለበሰ፣ ግንባሩ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያማ ማን ይቻለው! የሸሚዜን ቁልፍ ይቀነጥሳል፣ የሱፍ ገለባ የተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት ላይ ይተፋል፣ አፉን ሲፈታ ደግሞ መጀመሪያ የለመደው የባጃጅ ጥሩንባ ነበር። ቀጥሎ የቆሎ ተማሪዎቹን ልመና ያዘ። "በእንተ ስማ ለማርያም!" ሲል እማዬ ቁራሽ ይዛ ወደ በሩ ትሮጣለች፣ ማንም የለም፣ ገና ከመቀመጧ ይደግማል። "ይሄ አረመኔ፣ በእመቤቴ ስም ይቀልዳል!" እያለች ስትቆጣ እኔ በሳቅ እፈርሳለሁ።

"አትቆጪው እማዬ፣ በቀቀን የሰማውን ይደግማል እንጂ ከራሱ አይፈጥርም" እላት ነበር። ይቺን አባባሌን ያዙልኝ።

እማዬ ግን ገና ከመጀመሪያው ቃል አስገብታኝ ነበር፤ "የሰማይ ወፍ የእግዜር እንጂ የሰው አይደለም፣ ዓመት ሲሞላው ከጫካው ትመልሽዋለሽ" ብላ። እሺ አልኩ፣ ያኔ ራሰ በራ ስለነበር ቀላል መስሎኝ። ዓመቱ ሲደርስ ግን ሆዴ ባባ። አባቴ ካረፉ ወዲህ ቤታችን ጭር ብሎ ነበር፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ጭርታ የሰበረልን ጉዱ ነው፣ እሱን ማጣት ሁለተኛ ሐዘን ሆነብኝ። ለመንኳት፣ አለቀስኩ፣ እማዬ ወይ ፍንክች።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም፣ ውዳሴ ማርያምን በቃሏ ያስጠኗት እሳቸው ናቸው፤ መቼም ውዳሴው ለየዕለቱ የተከፈለ ነው፣ የሰኞው ለሰኞ፣ የማክሰኞው ለማክሰኞ፣ እና ስትሳሳት ከውስጠኛው ክፍል፣ ከመደባቸው ሳይነሡ "እህ፣ እህ! አንች ቀዥቃዣ፣ ከላይ ጀምሪ!" ይሏት ነበር። እሷም እየሳቀች ከላይ ትጀምራለች። ፍቅራቸው እንዲህ ነበር።

ጉዱን ልመልስ የተነሣሁበት ቀን ረቡዕ ነው። እኔ አየር እንዲያገኝ ካርቶኑን እበሳለሁ፣ እማዬ በረንዳው ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ትጸልያለች፣ የእሷም ልብ ካርቶኑ ላይ ሆኖ መሰለኝ የሐሙሱን ጀመረች። በዚህ መሃል ከኋላዬ፣

"እህ፣ እህ! አንች ቀዥቃዣ፣ ከላይ ጀምሪ!"

ካርቶኑ ከእጄ ወደቀ። የአባቴ ድምፅ ነው፣ ያው ሻከር ያለው፣ ያው ጉሮሮ አጠራረጋቸው። ዞር ስል ከውስጠኛው ክፍል በር አጠገብ የተሰቀለው የጉዱ የሽቦ ቤት ብቻ ነው ያለው፣ ጉዱም አንገቱን አዘንብሎ ያየኛል። እማዬ እንባዋ እየወረደ የረቡዑን ከላይ ጀመረች።

እኔ ማስረጃ ፍለጋ ገባሁ። ጉዱ የተፈለፈለው አባቴ ካረፉ በኋላ ነው፣ ድምፃቸው በስልክም በቴፕም የለም፣ መቀረጽ አይወዱም ነበር።

"እማዬ፣ ሳታውቂው እሳቸውን አስመስለሽ ብለሽ ይሆናላ?"

"እኔ መሪጌታን ላስመስል? ወዲያ! ይልቅ ያን ካርቶን ከፊቴ አንሽልኝ።"

ጉዱ በዚያው ቀረልኝ። ከዚያ በኋላማ እማዬ እያወቀች መሳሳት ጀመረች፣ ዓርብ ቀን የማክሰኞውን፣ ሰኞ ቀን የዓርቡን። አንዳንዴ ዝም ነው፣ አንዳንዴ "ከላይ ጀምሪ!" ይመጣል፣ ያን ጊዜ ፊቷን ብታዩት! ሱፉን ራሷ ትፈለፍልለታለች፣ አረመኔነቱ ቀርቶ "የኔ ጌታ" ሆኗል። እኔም ደስ አለኝ፣ እኛ ያላወቅነው ካሴት ኖሮ ሰምቶ ይሆናል ብዬ ማስረጃውን ተውኩት።

ከዚያ ያ እሑድ መጣ። ክረምት ሆኖ ሳለ ፀሐይ ፏ ብላ ስለወጣች ጉዱን ላጥበው ወደ ጓሮ አወጣሁት፣ ትከሻዬ ላይ ቁጭ ብሎ ሱፉን ይቆረጥማል፣ ጆሮዬ ሥር ቀጭ ቀጭ ሲል እሰማዋለሁ። ከቤቱ ወዲያ ማዶ፣ ከበረንዳው፣ እማዬ ሆን ብላ የቅዳሜውን ጀመረች። አሁን ጆሮዬን ሊያደነቁረኝ ነው ብዬ ለራሴ ፈገግ አልኩ።

"እህ፣ እህ! አንች ቀዥቃዣ፣ ከላይ ጀምሪ!"

የመጣው ከቤት ውስጥ ነው። በመስኮቱ በኩል፣ ከመደቡ። ጉዱ ሱፉን መቆርጠም ተወና ወደ መስኮቱ ዞረ፣ አንገቱንም አዘነበለ፣ ልክ ያኔ ባጃጁን ሲያጠና ያደርግ እንደነበረው።

"ጉዱ ነው?" አለችኝ እማዬ ከማዶ፣ ድምፅዋ ሳቅ ሳቅ እያለው።

እኔም ዓይኔን ከመስኮቱ ሳልነቅል፣ "አዎ እማዬ፣ ጉዱ ነው" አልኳት።

ገብቼ አየሁ፣ አጎዛው መደቡ ላይ እንደተነጠፈ ነው፣ ማንም የለም። ለእማዬ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፣ ጉዱም ይኸው ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ አሁንም ቁልፌን ይቀነጥሳል። ክፍል ገብቼ ስለ ወፎች ሳስተምር ግን፣ በቀቀን የሰማውን ይደግማል እንጂ ከራሱ አይፈጥርም የምትለዋ ላይ ስደርስ፣ ቶሎ ብዬ አልፋታለሁ።