የግራው ክንፍ

«ሆን ብለህ ነው!» አለች ንጋትወርቅ። የሞዴሉ አውሮፕላን ግራ ክንፍ እንደገና ተገንጥሎ ጠረጴዛው ላይ ወድቋል።

«ማበላሸት ብፈልግ ረግጬ ነው የምሰባብረው» አለ ሀምዳ፤ ቀና ብሎም አላያትም።

በአዋሽ ሰባት ኪሎ ትምህርት ቤት እንደ ሁለቱ እጀ ብልህ ተማሪ አልነበረም። መምህር ተክለ ማርያም የፕላስቲክ ቁርጥራጭ የሞላበትን ካርቶን የሰጧቸው ለዚህ ነው። ዓርብ የጥጥ እርሻው ሥራ አስኪያጅ ሊጎበኙ ሲመጡ የእርሻውን የተባይ መድኃኒት ረጪ የሚመስለው ሞዴል ተገጣጥሞ ይበረከትላቸዋል። ችግሩ፣ ሁለቱ ልጆች ዓይንና ናጫ ሆነው ከርመዋል። የእርሻው መድኃኒት ረጪ አውሮፕላን ካለፈ በኋላ የሀምዳ ቤተሰብ ፍየሎች አለቁ። የእርሻው ጸሐፊ የሆኑት የንጋትወርቅ አባት ደግሞ አቤት ሊሉ የመጡትን የአፋር ሽማግሌዎች «በሽታ ነው» ብለው መለሷቸው። ከዚያ ወዲህ እሱ «የውሸታም ልጅ» ይላታል፤ እሷም «ፍየል ጠባቂ» ትለዋለች።

ክንፉን አንስታ አገላበጠችው። ወደ አውሮፕላኑ ሆድ የሚገባው ምላስ ደህና ነው። የሆዱን ቀዳዳ ወደ መስኮቱ አዙራ ስታየው ግን ሙጫ ደርቆ ደፍኖታል። ሙጫውን ያበዛችው ራሷ ነበረች። ሀምዳ ይህን ሲያይ አፉን አጣሞ ፈገግ አለና ምላጩን በጣቱ ገፋላት።

ፍቃ ስትጨርስ ምላሱ ጠቅ ብሎ ገባ። ሙጫው እስኪይዝ ክንፉ እንዳይዘም ግን አንዳቸው ሆዱን፣ ሌላው ጫፉን መያዝ ነበረባቸው። ፊት ለፊት ተፋጠጡ።

«ምን ሆነው ነው የሞቱት?» አለች በመጨረሻ።

«ምን አገባሽ?»

እሷ ክንፉን እንደያዘች ጠበቀች። ከዚያ ሀምዳ ዓይኑን ከክንፉ ሳያነሳ ተናገረ።

«አውሮፕላኑ ቦዩ ላይ ሲደርስ መርጨቱን አላቆመም። ፍየሎቹ ከዚያ ውኃ ጠጡ። አፋቸው አረፋ ደፈቀ። እናቴ የቀረችንን ወተት አጠጣቻቸው፤ አልተረፉም። አሁን አንቺም በሽታ ነው በይ።»

ክንፉ ቀጥ ብሎ ደረቀ።

መምህሩ ገብተው ሞዴሉን እያዞሩ አደነቁ። «ዓርብ ስታበረክቺ» አሏት፣ «“ይህ አውሮፕላን በረከታችን ነው፤ ለሰውም ለከብትም ጉዳት የለውም” ትያለሽ። ንግግሩን ያዘጋጁት አባትሽ ናቸው።»

ሀምዳ ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ።

«እሱን አልልም፣ ጋሼ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«አልልም።»

መምህሩ ጆሮዋን ቆነጠጧት። «ቆይ፣ አባትሽ ይስሙ!»

ሀምዳ ደብተሩን ይዞ ወጣ። አላመሰገናትም፤ ዞር ብሎም አላያትም።

ንጋትወርቅ መምህሩን ለመቅደም በባቡር ሐዲዱ ዳር በጠራራ ፀሐይ ወደ ቤት ሮጠች። አባቷ ምሳ ቀርቦላቸው ነበር።

«ነይ፣ እጅሽን ታጠቢና ብዪ» አሏት።

«አባባ፣ መጀመሪያ ስለ ፍየሎቹ የምነግርዎ ነገር አለ» አለችና በሩን ዘግታ ፊታቸው ቁጭ አለች።