አራተኛዋ መብራት

አራተኛዋ መብራት ጠፋች።

ቴክኒሻኑ ጠረጴዛው ሥር እንደተንበረከከ በልቡ ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። መልሳ በራች። ራውተሩ እያንዳንዱ የራሱ መብራት ያለው አምስት የገመድ ፖርት አለው፤ አራቱ ሰላም ናቸው። ይህቺ አንዷ ግን በፈለገች ሰዓት ትሄዳለች፣ በፈለገች ሰዓት ትመለሳለች።

«አየሃት?» አለ ወንበሩ ላይ የተንሰራፋው ነጋዴ። «ወር ሙሉ እንዲህ ስታቃጥለኝ ከረመች።»

«አየኋት፣ ጌታዬ።»

ነጋዴው የሚሸጠው ጥይት ነው። ቴክኒሻኑም ቴክኒሻን አይደለም። በስለላ መሥሪያ ቤቱ «ቋጠሮ» ይባላል። ባጁ ላይ የራሱ የሆነው ፎቶው ብቻ ነው። የላከው አለቃው «አማች» ነው። ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፤ ፈገግታው ግን በእርግጥ ሚስት ሊጠይቅ የመጣ ሰው ፈገግታ ነው።

አማች ተልእኮውን ሲሰጠው እንዲህ አለው፦ «መርፌ» የተባለው የውስጥ ሰው የነጋዴው ኮምፒውተር ገመድ ላይ ጣት የምታህል እቃ ሰክቷል። እቃዋ ነጋዴው ከስለላ መሥሪያ ቤቱ የገዛቸውን ሰዎች ዝርዝር ይዛለች። መስመሩን የምታቋርጠውም እሷ ናት። እውነተኛ ቴክኒሻን ቀድሞ ካገኛት መርፌ አለቀለት። ሂድና አውጣት።

መርፌ የነጋዴው የወንድም ልጅ መሆኗን ከቋጠሮ በቀር የሚያውቅ የለም። አማች ሦስት ጊዜ ጠይቆታል። አልነገረውም።

እቃዋን ዛሬ ጠዋት ነቅላ ትርፍ ገመድ ጥቅል ውስጥ ደብቃታለች። እሱ «ትርፍ ገመድ ይኖራል?» ሲል ይዛ ትገባለች። በቃ።

አራተኛዋ መብራት ጠፋች።

እቃዋ ከጠዋት ጀምሮ ገመዱ ላይ የለችም። ታዲያ መስመሩን የሚቆርጠው ምንድን ነው?

ቋጠሮ ለሽፋን ሲል ስድስት ወር ከእውነተኛ ቴክኒሻን ሥር ተምሯል። አስተማሪው ሁለት ነገር በአንዴ እንዳይቀይር ጆሮው እስኪደነቁር ነግሮታል። ገመዱን ከአራተኛው ነቅሎ ሁለተኛው ፖርት ላይ ሰካው። ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛዋ መብራት ጠፋች። ራውተሩ ንጹሕ ነው፤ ችግሩ ከገመዱ ጋር ይሄዳል። ገመዱን በጣቱ እየዳበሰ ተከተለው። የነጋዴው ወንበር ጎማ ሥር ሲደርስ ተድጦ ተጣብቋል። ሰውየው ወደ ኋላ ሲለጠጥ መስመሩ ይሞታል። ወደ ፊት ሲመጣ ይነሣል።

ወር ሙሉ ራሱን በራሱ ሲቆርጥ ነው የከረመው። ቋጠሮ ሊስቅ ምንም አልቀረው።

«ብቻውን ነው የሚመጣው ሲሉኝ ይችለዋል ወይ ብዬ ነበር» አለ ነጋዴው።

ቋጠሮ ገመዱን መዳበሱን አቆመ።

የኢንተርኔት ድርጅቱ ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ሰው ነው የሚልከው፤ አንዱ ምሰሶ ላይ፣ አንዱ መሬት። ቋጠሮ «ጓደኛዬ ምሰሶ ላይ ነው» የምትል ውሸት አዘጋጅቶ ነበር የመጣው። ድንጋይ የሚሉት ዘበኛ ግን ቦርሳውን ሲበረብር ስለ ጓደኛው አልጠየቀም። ያኔ ዕድል መስሎት ነበር። ብቻውን እንደሚመጣ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።

አማች።

ሸጦታል። የአማችም ስም ዝርዝሩ ውስጥ አለ ማለት ነው። ነጋዴው ከወንበሩ ንቅንቅ ያላለው ለመብራቷ አስቦ አይደለም። ከቤቱ ሰው ማን ለቴክኒሻኑ እቃ እንደሚያቀብል ሊያይ ነው።

«ትርፍ ገመድ» የሚለውን ቃል ዋጠው። አልጠራትም።

እሷ ግን መጣች።

መጠበቅ ጭንቅ ሆኖባት ጥቅሉን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። «አጎቴ፣ ገመድ ያስፈልጋቸው ይሆን ብዬ…»

ወንበሩ ወደ እሷ ዞረ። የነጋዴው እጅ መሳቢያውን ከፈተ።

ቋጠሮ ብድግ አለ።

«ይህን ቢሮ የምታሰናጂው አንቺ ነሽ?»

«እ… አዎ።»

«ዓይን የለሽም? ገመዱን ወንበር ሥር ጥለሽ ወር ሙሉ የሰው ሥራ ታበላሻለሽ?» ጥቅሉን ነጠቃት፤ አገላበጠው። «ይኼ ደግሞ ምን ይሠራል? የበሰበሰ።» ቦርሳው ውስጥ ወረወረው። «ጌታዬ፣ እስቲ ወደ ኋላ ይበሉ።»

ነጋዴው ወደ ኋላ አለ። መብራቷ ጠፋች። ወደ ፊት መጣ። በራች። ሁለት ጊዜ ደገመው፤ ፊቱ ደም መሰለ። መሳቢያውን ዘግቶ ተነሣና በጥፊ አላት።

ቋጠሮ ሊያስቆመው ይችል ነበር። እጁን ግን አላነሣም።

«ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ እናትሽ ቤት። አሁኑኑ።»

ጉንጯን ይዛ ቋጠሮን አየችው። የዛሬ ሁለት ዓመት «እኔ ራሴ እጅሽን ይዤ አወጣሻለሁ» ብሏት ነበር። ዓይኗ ላይ ያየው ንጹሕ ጥላቻ ነው። ወጣች። የውጭው በር ሲዘጋ ተሰማ።

«አዲሱ ገመድ መኪናዬ ውስጥ ነው» አለ።

ነጋዴው አመነታ። የሚጠብቀው ሰው ገና አልመጣም። «ድንጋይ አብሮህ ይሂድ። ቦርሳህ እዚህ ይቆይ።»

«ይቆይ።»

እቃዋ መዳፉ ውስጥ ነበረች። ጥቅሉን ሲያገላብጥ ነው ያወጣት።

ከመኪናው ያወጣውን የአዲሱን ገመድ ጫፍ በር ላይ ለድንጋይ ሰጠው። «ይዘህ ቁም። ከለቀቅከው ጋሼ እንደገና ይቆረጥባቸዋል።»

ድንጋይ በሁለት እጁ ጨበጠው። ቋጠሮ ጥቅሉን እየተረተረ ግድግዳውን ታክኮ ሄደ። ጥጉን ታጠፈ። ሲያልቅበት ጫፉን ድንጋይ ሲስበው ውጥር እንዲልለት ከአጥር ብረት ጋር አሰረው።

ከዚያ ሮጠ።

ዝርዝሩን ከአማች በላይ ላሉት ላከው። ሦስተኛው ስም የአማች ነበር፤ ቢሮው ውስጥ ያዙት። እሱም ሲመረምሩት ፈገግ ብሎ «ቋጠሮም አብሮኝ ነበር» አለ። አንድ ምስክር ቀረች፤ መርፌ በገዛ እግሯ መጥታ ነበርና ጠየቋት።

«ሸጠኝ» አለች።

ይህን የነገረው አንድ የቀድሞ ባልደረባው ነው፤ ሁለተኛ እንዳትደውልልኝ ብሎ ዘጋበት። ቋጠሮ ስልኩን አስቀመጠ። አመመው። ግን በሕይወት ኖራ ነው የከሰሰችው፤ በዚህ ተጽናና።

አሁን ከራሱ መሥሪያ ቤት ተደብቆ ሌላ ከተማ ነው። ባጁ ላይ ሌላ ስም አለ፤ ሥራው ግን እውነተኛ ሆኗል። አንዲት የቤት እመቤት በር ከፈተችለት።

«ወንድሜ፣ ይቺ መብራት ትጠፋለች፣ ትመጣለች፤ ልታሳብደኝ ነው። ሁለት ሆነው ነው የሚመጡት ሲሉ ሰምቼ… ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ» አለና ጠረጴዛው ሥር ተንበረከከ።