አሥራ አንድ ቢጫ ዱካዎች

«ሃያ አምስት ሴንቲ» አለ ሬይ ሂንድል፣ ሣሩ ላይ እንደ ተንበረከከ። ማስመሪያውን አንስቶ ቀጣዩን ዱካ ለካ። «ይኸኛውም ሃያ አምስት። አየሽ ቴስ? የሰው እግር ነው። ሰው ገብቷል ግቢያችን!»

ቴስ የማድ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆማ የሻይ ኩባያዋን በሁለት እጇ ጨብጣለች። ሻዩ ከቀዘቀዘ ቆይቷል። አባቷን ሳይሆን ሣሩን ነበር የምታየው። ዱካው አጥሩ ላይ ካለችው ትንሽ በር ይነሳል፤ አረንጓዴውን ሣር በሰያፍ ሰንጥቆ እሷ እስከቆመችበት ደረጃ ይመጣል። እግር ያረፈበት ቦታ ሁሉ እንደ ገለባ ቢጫ ሆኗል። ቆጥራዋለች። አሥራ አንድ ነው።

የማን እግር እንደሆነም ታውቃለች።

በዚያ የእንግሊዝ አገር የላንካሸር ሰፈር ሰው የሚመዘነው በሣሩ ነው። ደሞዝህን የሚጠይቅህ የለም፤ ሣርህ ከተጎሳቆለ ግን ሰላምታ ይቀንሱብሃል። ሬይ ይህን ስለሚያውቅ ብርዱ ገና ሳይለቅ ነበር ሥራ የጀመረው። በእርጥበት የበቀለውን ሻጋታ መሳይ ነገር ባለ ጥርስ መቧጠጫ ይዞ ሙልጭ አድርጎ አወጣ። መሬቱን በአትክልተኛ ሹካ እየወጋ አስተነፈሰ፤ ቀዳዳው ውስጥ አሸዋ ጠርጎ ከተተ፤ በተመለጠው ቦታ ዘር በተነ። ለቴስ የተረፈላት ትንሽ ሥራ ነበረች። ከማድ ቤቱ ተነስቶ አጥሩን ይዞ እስከ ትንሿ በር በሚሄደው የድንጋይ መንገድ ላይ የአረም መድኃኒት መርጨት።

«ጫማሽ ሳይደርቅ ሣሬን እንዳትረግጪ» ብሏት ነበር። «ይኼ መድኃኒት አረምና ሣር አይለይም፤ ያገኘውን ነው የሚገድለው።»

እየረጨች ትንሿ በር ጋ ስትደርስ ማድ ቤት የተወችው ስልክ ጮኸ። የመጣችበት መንገድ በመድኃኒት ርሷል፤ በሣሩ ግን አሥራ አንድ እርምጃ ብቻ ነው። በላስቲክ ቦት ጫማዋ ሮጠች። ጓደኛዋ ሜቭ ነበረች የደወለችው፤ ለምን እንደደወለች እንኳ አሁን ትዝ አይላትም።

የዚያ መድኃኒት ክፋቱ ዝምታው ነው። ዛሬ ቢረግጡበት ሣሩ ነገም ከነገ ወዲያም አረንጓዴ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ነው ሥራውን የሚያሳየው። ቴስ ቢጫውን ያየች ቀን ቦት ጫማዋን በከረጢት ጠቅልላ አልጋዋ ሥር ከተተችው።

ሬይ ጉልበቱን እያራገፈ ተነሳ። «ኦግደን ነው።»

«በምን አወቅህ አባዬ?»

«መድኃኒት የነካ ጫማ አጥልቆ ከበሩ ነዋ የመጣው! ደግሞስ በዚህ ሰፈር ከሱ በቀር የሴት እግር ያለው ወንድ ማን አለ?»

ሚስተር ኦግደን ጎረቤታቸው ነው፤ ጡረታ የወጣ፣ አጭር፣ ከሲታ ሰው። ሁለቱን ግቢ የምታገናኘውን ትንሿን በር እሱና ሬይ ወዳጅ ሳሉ አብረው ነበር የሠሯት። ከሰባት ዓመት በፊት በሰፈሩ ግብዣ ላይ ኦግደን «ሬይ፣ ሣርህ የፍየል ጀርባ መሰለኮ!» አለና ሰው ሁሉ ሳቀ። የሳቁት ሰዎች እቤታቸው ሳይደርሱ ረሱት። የተሳቀበት አልረሳም፤ እንዴትስ ይረሳል?

ቴስ ዱካውን ደግማ አየችው። ሁሉም ወደ ቤቱ የሚመጣ ነው፤ አንድም የሚመለስ የለም። ኦግደን ከሆነ የመጣው በምን ተመለሰ? ሕፃን ልጅ ይጠይቀዋል ይህን። ቂም ያረገዘ ሰው ግን መምጫውን ካገኘ መመለሻውን አይፈልግም።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ለሜቭ ነገረቻት።

«አንቺ ደግሞ ስታካብጂ!» አለች ሜቭ ብስኩቷን እየቆረጠመች። «ዝም በይ አቦ! ሁለት ሽማግሌ በሣር ቢባላ አንቺ ምን አገባሽ? ሣር ነው'ኮ፣ ይበቅላል።»

«አባዬን አታውቂውም።»

«ይመታሻል እንዴ?»

«አይመታም። ቢመታኝ ይሻል ነበር።»

ሜቭ ሳቀች። ቴስ ግን አልቀለደችም። አጎቷ ኬን ከአባቷ መሰርሰሪያ ተውሶ አዝጎ ስለመለሰ ስድስት ዓመት ሙሉ ደጃቸውን አልረገጠም። በየዓመቱ የሚልከው የገና ካርድ ሳይከፈት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይገባል። አባቷ አይጮህም፤ ዝም ነው የሚለው፣ ሰውየው የሞተ ይመስል። እንደዚያ ዝም ብሏት በአንድ ጠረጴዛ እራት ሲበሉ ታያት፤ «ጨው አቀብይኝ» እንኳ ሳይላት፣ ተነስቶ ራሱ ሲወስድ። 

ቅዳሜ ከሰዓት ሬይ የሣሩን ዳር ሲያስተካክል የሚስተር ኦግደን ቆብ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለ።

«እንደምን ዋልክ ሬይ? ምነው፣ ሣርህን ምን ነካው?»

ሬይ ጀርባውን ሰጠው።

«እኔ ጋ ዘር ተርፏል፤ ግማሽ ከረጢት ይሆናል። ደህና ዘር ነው።» ሰውየው ወደ ቴስ ዞረ። «አንቺስ ቴስ? አደግሽ እኮ! ትምህርት እንዴት ነው?»

«ደህና ነው ሚስተር ኦግደን። እርስዎስ ደህና ነዎት?» 

«ወገቤ ነው እንጂ ሌላውስ ደህና ነው።» ከረጢቱን ከበሩ አጠገብ አጥሩ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ሬይ የኦግደን ቤት በር ሲዘጋ እስኪሰማ ጠበቀ። «አየሽው? ገድሎ ለቅሶ መድረስ ማለት ይኼ ነው! ግድ የለም። ነገ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። መድኃኒት አልጨረስኩም፤ የሱም ሣር ይቀምሳታል።» ነገ ዝናብ ይኖራል እንደሚል ሰው ረጋ ብሎ ነው የተናገረው። ያስፈራትም እርጋታው ነበር።

«አባዬ… እሱ ባይሆንስ?»

«ታዲያ ማነው?» ቀና ብሎ ዓይኗን አያት።

ልትናገር አፏን ከፈተች። 

«እኔንጃ» አለች።

እሑድ ጠዋት የኦግደን መኪና ተነስታ ስትሄድ አልጋዋ ላይ ሆና ሰማች። ቀጥሎ የግቢያቸው ቧንቧ ተከፈተ። ውሃው መርጫው ውስጥ ሲንዶቀዶቅ ቆየና ቆመ። ከዚያ የመርጫው እጀታ ወደ ላይ ወደ ታች ሲባል ተሰማት፦ ፍስ… ፍስ… ፍስ።

ሽማግሌው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ሣሩን አረንጓዴ ሆኖ ያገኘዋል። ነገም እንደዚያው። ወገቡን ይዞ ይኮተኩተዋል፣ ያጠጣዋል፣ በአጥሩ ላይ ብቅ እያለ ስለ ትምህርቷ ይጠይቃታል። ሁለት ሳምንት ሙሉ እሱ ሳያውቅ እሷ እያወቀች «ደህና ነው ሚስተር ኦግደን» ስትል ልትኖር ነው።

እጇን አልጋው ሥር ሰደደችና ከረጢቱን ጎተተች። ቦት ጫማዎቿን አውጥታ አጠለቀች። በሌሊት ልብሷ ላይ ሹራብ ደርባ ወጣች።

አባቷ መርጫውን በትከሻው አንግቶ፣ እጀታውን እየገፋ፣ የድንጋዩን መንገድ ይዞ ወደ ትንሿ በር እያዘገመ ነው። ቴስ በሩጫ አለፈችውና በሩ ላይ ጀርባዋን አስደግፋ ቆመች። የኦግደን የዘር ከረጢት እዚያው አጥሩ ላይ ነው፤ ጤዛ አርሶታል።

«ዞር በይ እንጂ! ምን ሆነሻል?»

«አባዬ፣ እየኝ።»

ቀኝ እግሯን አንስታ የመጀመሪያው ቢጫ ላይ አሳረፈችው። ተረከዙም ጫፉም ልክክ አለ። ግራዋን ሁለተኛው ላይ አደረገች። ልክክ አለ። ፊቱን ማየት ስለፈራች ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። ሦስት። አራት። ከኋላዋ መርጫው አሁንም ይተነፍሳል፦ ፍስ… ፍስ። አምስት። ስድስት። 

ሰባተኛው ላይ ስትደርስ የመርጫው ድምፅ ቆመ።

አራት ቀርቷታል። እግሯን አነሳች።